ሰነፏን ወንዝ ያስቸኮለ ሰው

ወንዟን ሰነፏ ይሏታል። ስድብ አይደለም፣ እውነት ነው። ከኮረብታው ሥር ካለችው ምንጭ ተነሥታ እታች መኪና መንገዱ ድልድይ ሥር እስክትደርስ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ቦታ የላትም። ትንሽ ሄደት ትልና ትጠመዘዛለች፣ ትንሽ ሄደት ትልና ትተኛለች። በበጋ ሰው ሱሪውን ሳይሰበስብ ይሻገራታል። ያቺው ሰነፍ ግን ሰዉን ሁሉ ይዛ ነበር የምታኖረው። የሚጠጣ ውሃ ከምንጯ አፍ ይቀዳል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከከብቱ በታች አትክልት፣ ከአትክልቱ በታች ወፍጮ፣ ከወፍጮው ወረድ ብሎ ልብስ የሚታጠብበት ሰፊ ድንጋይ አለ። መጨረሻ ላይ ጡብ ሠሪው ጭቃውን ያቦካባታል። ይህን ተራ ማንም ተቀምጦ አልደነገገውም፤ ማንም ግን አያፋልሰውም። ከብቱን ምንጯ አፍ ላይ የሚያጠጣ ሰው ቢገኝ የገዛ እናቱ ሳትቀር ትሰድበው ነበር።

አትክልቱ የእህት፣ ወፍጮው የወንድም ነበር። አባታቸው ሲሞት እንዲያ አድርጎ አካፈላቸው፤ አንድም ቀን አልተጣሉበትም።

የእህትየውን ቦታ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከብቱ ከሚጠጣበት ዝቅ ብሎ ሰነፏ አንድ ትልቅ ዙር ትዞራለች። መሬቱ እንደ ምላስ ወጣ ብሎ ገብቷል፣ እሷ ደግሞ በሦስት ጎን ታቅፈዋለች። ሰው ጉያው ነው የሚለው። እህትየው ቤቷም፣ ጎመኗም፣ ሽንኩርቷም እዚያ ጉያ ውስጥ ነው። ወደ ሰው የምትወጣው በአንድ በኩል ብቻ፣ በጉያው አንገት ነበር። አንገቱ ጠባብ ናት፤ ከዚህ ዳር ቆሞ ድንጋይ የወረወረ ሰው ከዚያ ማዶ ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። ወደ ምንጯ ስትሄድ በዚያ፣ ወደ ወንድሟ ስትሄድ በዚያ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ነውና ቀን ቀን ምሳውን ይዛለት ትመጣ ነበር። ቅቅል ድንች በሰሃን፣ ላዩ ላይ ሌላ ሰሃን ተደፍቶበት፣ በጨርቅ ተቋጥሮ።

ሚስት የለውም እንዴ ትሉ ይሆናል። አልነበረውም። እናታቸው እሱን ጡት ሳታስጥል ነው የሞተችው፤ አዝላ ያሳደገችው እታለም ናት። እታለም ይላታል፣ አንድ ቀን እንኳ በሌላ ጠርቷት አያውቅም። ሚስት ሲባል፣ «እታለም እያለችልኝ?» ይልና ያልፈዋል። ጅል ነው መቼም፤ ግን ደግ ጅል።

ዕድሜውን ሙሉ በድንጋይ ጩኸት ውስጥ ስለኖረ ጆሮው ደንድኗል። ሰው ሲያዋራው ግማሹን አይሰማም። ምን አልክ፣ ምን አልክ እያለ ሰው ማድከም ስለማይወድ አንድ ዘዴ አበጀ፦ አፍ ሲንቀሳቀስ ካየ ራሱን ወደ ታች ወደ ላይ ይነቀንቃል። ለባለእህል ደግሞ ይኸው ይበቃዋል፤ «ቶሎ ትደርሳለች?» ነው የሚለው፣ «ደቃቅ አድርግልኝ» ነው የሚለው፣ ሌላ ምን ይላል። አንድ ቀን ጡብ ሠሪው እህሉን ተሸክሞ ገባና ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ አህያህን ዳርልኝ፣ በወግ በማዕረግ አኖራታለሁ አለው። ባለወፍጮው ነቀነቀ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ አቶ እሺ ሆኖ ቀረ።

እታለም ብቻ ነበረች የማትሸነገልለት። የምር ነገር ሲኖራት ጆሮውን ይዛ ወደ አፏ ትጎትተውና አንዴ ትናገራለች። ሲሰማ ይሰማል፣ ሳይሰማ ሲነቀንቅ ደግሞ ታውቅበታለች፤ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ታቆመዋለች። «አትነቅንቅ፤ መልስ» ትለዋለች። ይስቃል፣ ይመልሳል።

እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ ድልድዩ አጠገብ የሞተር ወፍጮ ተተከለ። የሞተር ወፍጮ በጋ አያውቅም፣ ክረምት አያውቅም፤ እህል ሲሰጡት ይፈጫል። ሰነፏ ደግሞ በበጋ መዘውሩን የምታዞረው እየለመነችው ነው። አንዱ ደንበኛ ሄደ፣ ሁለተኛው ተከተለው፣ ከዚያማ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚቆም አህያ ጠፋ። ባለወፍጮው ድንጋዩን ወቀረ፣ መዘውሩን ጠገነ፣ ቦዩን ጠረገ፤ የሚፈጭ ግን የለም። ሥራ የፈታ ሰው ሐሳብ ይበዛበታል። አንድ ቀን ጉያው አንገት ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን ሲያይ፣ ውሃው በግራ ከፍ ብሎ፣ በቀኝ ዝቅ ብሎ ታየው። አሃ፣ አለ። ይህች ወንዝ ጉልበቷን የምትጨርሰው እታለምን ስትዞር ነው። እዚህች ጋ ብትቆረጥ ቀጥ ብላ ትወርድና የቦዩ አፍ ውስጥ ዘላ ትገባለች። ያን ጊዜ የሞተሩን ወፍጮ ማን ያየዋል!

የወፍጮ ሰው ሐሳብ ነው። ወፍጮ የሚያውቀው ውሃ የሚወድቅ ውሃ ነው፤ ከወደቀ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጉዳዩ አይደለም።

ምሳ ይዛለት ስትመጣ ነገራት። ግማሹን ውሃ ብቻ ነው የምወስደው፣ ከላይ ድንጋይ እደረድርና ግማሹ እንደ ድሮው ጉያውን ይዞራል፣ አትክልትሽ አይነካም አላት። እሷ ሰሃኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ ጆሮውን ሳበችው።

«እኔስ በየት እመጣለሁ?» አለችው።

«ድልድይ እሠራልሻለሁ፣ እታለም። ሁለት ግንድ አጋድሜ።»

«ይህች ወንዝ ዞራ ነው የምትመጣው» አለች፤ «ግን ቀርታ አታውቅም።»

ይህን ብላ እሺ አለችው። ለምን እሺ አለች አትበሉኝ። ወፍጮው ቆሞ፣ ልጅነቱን በጀርባዋ ያሳለፈ ሰው ደጃፉ ላይ ተኮራምቶ ሲውል ማየት ከበዳት። እንዲያውም መመረቂያ ይሁን ብሎ ዶማውን ሲያቀብላት የመጀመሪያውን አፈር የቆረጠችው እሷ ናት።

በጋውን ሙሉ ቆፈረ። ጡብ ሠሪውም ሲመሽበት እየመጣ አገዘው፤ የሚወጣው አፈር ሸክላ ሆኖ ስላገኘው ከንፈሩን እየላሰ ነው የሚያግዘው። ቆረጡ፣ ድንጋዩን ደረደሩ፣ ሁለቱን ግንድ አጋደሙ። ሲለቁት ውሃው እየተሹለከለከ ገባ፣ መዘውሩም ከበፊቱ ጠንከር ብሎ ዞረ። እታለም በግንዱ ላይ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሰሃኗን ይዛ ተሻገረች፤ እሷም ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ሰዎች ዝም ብለው አላሉም።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ጎርፍ መጣና ድንጋዩን ጠረገው፣ ግንዶቹን እንደ ስንጥር አነሣቸው። ሰነፏ አቋራጭ መንገድ እንዳለ አንዴ ቀመሰች፣ በቃ፣ ዙሩን ተወችው። ሁለመናዋን ይዛ በአንገቱ ገባች፣ ዳርና ዳሩን እየናደች፣ ወለሉን እየቦረቦረች። ያች ሱሪ ሳይሰበሰብ የምትታለፍ ወንዝ ሰው ቢገባባት ሬሳው እታች ድልድዩ ሥር የሚገኝባት ሆነች። የተወችው ዙር ደግሞ ተቋጠረና ኩሬ ሆነ፤ እንቁራሪት ብቻ።

እንግዲህ እታለም ማዶ ቀረች። አንድ ዳር የነበሩ እህትና ወንድም መካከላቸው ወንዝ ገባ፣ ያውም እሱ በዶማ የጠራው ወንዝ።

እሱስ ምን ሆነ? እሱማ ሰርግና ምላሽ ሆነለት! መዘውሩ እንደዚያ ሲዞር አባቱም አላየ። ዱቄቱ እጅ እያቃጠለ ይወርዳል። ወሬው ተሰማ፣ የሄደው ደንበኛ ተመለሰ፣ ደጃፉ በአህያ ተጥለቀለቀ። ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል፣ ዓይን እስኪይዝ ይፈጫል። ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ አንድ ክረምት ሙሉ ከረመ።

ቀን ቀን ለአፍታ ወጣ ብሎ የቦዩን አፍ ያያል። በዚያን ሰዓት እታለም ማዶ ትቆማለች። ሰሃኑን ወደ ላይ ታነሣለታለች፣ ይኸው ምሳህ ለማለት። እሱ ሆዱን ይደባብሳል፣ ጠግቤያለሁ ለማለት። ይሳሳቃሉ። ጩኸት አይሞከርም፤ ውሃው ጆሮ ያላቸውንም ሰዎች አያሰማም፣ እንኳን እሱን። ክረምቱ ይውጣ፣ ግንድ አይደለም የሲሚንቶ ድልድይ እሠራላታለሁ፣ ብሎ ለራሱ ይነግረውና ተመልሶ ይገባል።

እሷ ግን ወደ ምንጯ የምትሄድበት መንገድ ተቆርጦባታል። ዙሪያዋን ውሃ ከቧት የሚጠጣ ውሃ አጣች። ከኩሬው ቀድታ፣ አጥልላ ትጠጣለች፤ ሆዷን አመማት። ከሰሃኑ ጋር የምትይዘው ዱላ መጣ። ባለወፍጮው ዱላውን አይቶታል፤ ጭቃው አድጧት ነው ብሎ አለፈው። መንገድ አልነበረም እንዳይባል መንገድ ነበር። በወንዙ ዳር ወርዶ፣ በመኪና መንገዱ ድልድይ ተሻግሮ፣ በማዶው ሽቅብ ተመልሶ፣ ኩሬውን በጠበበው በኩል ጭቃ እየረገጡ መግባት ይቻላል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ቀን ወፍጮው ቆሞ፣ ያ ሁሉ አህያ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እንዴት ይሆናል! ነገ፣ አለ። ነገ ደግሞ ሌላ አህያ ይዞ ይመጣል።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሲወጣ እታለም ማዶ ቆማለች፣ ሰሃን ግን አልያዘችም። ከኋላዋ ልጇ አለች፤ ከተማ ልብስ የምትሰፋው፣ አንዲት ልጇ። መጣች እንዴ፣ ብሎ ደስ አለው። እታለም እስከ ገደሉ አፋፍ ቀረበች፣ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። አፏ ብዙ ተንቀሳቀሰ። ውሃው ሽው ይላል፣ ከኋላው መዘውሩ ይጓጉራል፣ ውስጥ ሰው እየጠራው ነው። ባለወፍጮው ራሱን ነቀነቀ። እታለም ትንሽ ቆመችና እንደገና ጮኸች፤ ይኸኛው አጭር ነው። ነቀነቀ፣ አሁንስ እየሳቀ፣ እጁንም እያወዛወዘ። እጆቿን አወረደች። እሷም በተራዋ ነቀነቀችለትና ዞራ ሄደች። እሱ ወደ እህሉ ተመለሰ።

በማግስቱ ማዶ ሰው አልነበረም፣ ከቤቷም ጭስ አልወጣም። እንጨቱ ረጥቦባት ይሆናል አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ልጇ ይዛላት የመጣችውን እየበላች ይሆናል አለ። ከዚያ በኋላ ማየቱን ተወ፣ ልቡ እያወቀ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ዝናቡ ወጣ፣ ጎርፉ ጎደለ፣ ያን ጊዜ የሆነው ነገር ታየ። ሰነፏ ቀጥ ብላ ስትሮጥ ወለሏን ቦርቡራው ኖሯል። ውሃው እታች ጉድጓድ ውስጥ ሲሄድ የቦዩ አፍ ከላይ ደርቆ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። መዘውሩ ቆመ። ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ አሸዋ ለብሶ ጠፋ፤ የጡብ ሠሪው የጭቃ ጉድጓድ በጠጠር ሞላ። አህዮቹ ማንም ያልነዳቸው ይመስል ወደ ሞተሩ ወፍጮ ሄዱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ የሚለቅመውም አላገኘ።

ሥራ ሲፈታ ነው እንግዲህ የተሻገረው። ገደሉን በቂጡ ተንሸራቶ ወረደ፣ ውሃውን አለፈ፣ በማዶው እየቧጠጠ ወጣ። የእታለም ቤት በር በገመድ ታስሯል። ጎመኑ አብቦ ዘር ይዟል። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ የምሳው ሰሃን ታጥቦ ተደፍቷል፣ ጨርቁም ታጥፎ ከሥሩ አለ። ሰሃኑን አነሣው፣ መልሶ እንደነበረ ደፋው።

ከዚያ ተናደደ። ኀዘን ያለበት ሰው መናደድ ይቀለዋል። ለጡብ ሠሪው ሄዶ አማረረ፤ እኔ ወንድሟ እዚህ ተቀምጬ፣ ሳትነግረኝ፣ ሳታማክረኝ፣ እንደ ባዕድ በሯን ዘግታ ትሄዳለች አለ። ጡብ ሠሪው ጠጠሩን በአካፋ እያወጣ ሰማው። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው በዚያን ቀን አልቀለደም። ለእኔ ከምትነግረኝ ሄደህ ለእሷ አትነግራትም ወይ ብቻ አለው።

ሄደ። በወንዙ ዳር ወረደ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ከተማ ገባ። ለካ መንገዱ እንደፈራው ሩቅ አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪና፣ በግድግዳው በኩል አልጋ፣ ግቢው ውስጥ ለጎረቤት ሁሉ አንድ ቧንቧ። እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ መቀስ ይዛ ካለቀለት ቀሚስ ላይ የክር ጫፍ ትቆርጣለች። ከስታለች። እጇ ላይ አፈር የለም፤ እንዲያ ንጹሕ እጇን አይቶ አያውቅም። ስታየው ፊቷ በራ፣ ለመነሣትም ሞከረች፣ ጉልበቷ ግን እንቢ አላት። አጠገቧ አስቀመጠችው፣ ከስተሃል አለችው፣ ማን እንደሚያበላው ጠየቀችው። እሱ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ወቀሳ ነበረውና እሱኑ አወጣ።

«ሳትነግሪኝ ሄድሽ» አላት።

እታለም መቀሱን አስቀመጠች።

«ነገርኩህ እኮ» አለች። «ታምሜያለሁ፣ ልጅቷ ልትወስደኝ መጥታለች፣ ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ጠየቅኩህ። ነቀነቅክልኝ። አልገባውም ይሆናል ብዬ፣ ሂጂ ነው የምትለኝ? አልኩህ። ያኔማ እየሳቅክ ነቀነቅክ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አልሰማሁም» አለ ባለወፍጮው። «እታለም፣ በእናታችን፣ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ቅሪ እል ነበር። ብሰማማ ቅሪ እል ነበር።»

ብዙ አየችው። ከዚያ፣ «አቶ እሺ» አለችና ፈገግ አለች፤ በዚያው ፈገግታ ላይ እንባዋ መጣ። እሱ ማልቀሱን አልቻለበትም፤ መለፍለፍ ጀመረ። አንገቱን እደፍነዋለሁ፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ ሁለት በጋ ይፍጅ ሦስት በጋ፣ ውሃው ወደ ዙሩ ይመለሳል፣ የምትጠጪውን እኔ ከምንጯ እቀዳልሻለሁ፣ ጎመኑ ዘር ይዟል፣ ነይ እንሂድ፣ አላት። እሷ ጉልበቷን እያሻሸች ሰማችው። ልጅቷ ወደ እናቷ አየች።

እታለም እጇን ዘረጋች፣ እንደ ድሮው ጆሮውን ይዛ ወደ አፏ ሳበችው። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ መጮህ አላስፈለጋትም።

«ያልሰማኸው አልከፋኝም። ጆሮህን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ግን ድልድዩ እዚያው ነበር እኮ። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ልጄ ከዚህ ተነሥታ ዞራ መጣች። አንተ ለምን ዞረህ አልመጣህም?»

ባለወፍጮው ራሱን ነቀነቀ።

በሁለት እጇ ያዘችው፣ አቆመችው።

«አትነቅንቅ» አለችው። «መልስ።»

ይህኛውን ግን ሰምቷል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቷል። ልብስ ሰፊዋ እጇን ከመኪናዋ ላይ አንሥታ ተቀምጣለች። ግቢው ውስጥ ቧንቧው እንኳ ተዘግቷል። ዕድሜውን ሙሉ በጩኸት የኖረው ሰው በዚያች ጸጥ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ምነው አሁን ወፍጮው በዞረ ብሎ ተመኘ።